ከግቢው እስከ ሐረር

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ሲስተር ኢፍቱ መጣች፣
ባለ ቀለም መጽሐፍ ለየሰዉ አደለች።
ሽፋኑ ላይ ወፍራም ሰው፣ አዲስ ሸራ ጫማ፣
ከልጁ ጋር ይሮጣል በአንዱ ጥሩ ከተማ።
«ጤናማ ኑሮ» ይላል። ገልጠን ስናነበው፣
«ሊፍቱን ይተዉና በደረጃ ይውጡ» የሚል አገኘነው፤
ሮብሌ ነው ቀድሞ ሳቁ ያመለጠው።

«ከሥራ ሲመለሱ አንድ ፌርማታ ቀድመው ይውረዱ፣
ከገበያ ትኩሱን፣ አረንጓዴውን ይውሰዱ፣
ስምንት ሰዓት ይተኙ፣ መብራትዎን አጥፍተው።»
የኛ ቤት አምፖል መች ጠፍቶ ያውቅና ነው?
ቃሲም እጁን አወጣ፦ «ሲስተር፣ ይሄ ወፍራም፣
ስድስት ዓመት ስኖር እዚህ ግቢ የለም።»
አልተቆጣች፤ ከጋዋኗ ኪስ እርሳስ አወጣች፣
«እንግዲያው ሰርዙት፣ እናንተው ጻፉት» አለች።

ሰረዝነው። በደረጃው፣ በሊፍቱ ፈንታ
ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ከፍታና ዝቅታ።
የጨው ምዕራፍ ግን ሳምንት አከራከረን፦
ለአራት መቶ ሰው አንድ በርሜል ወጥ ነው ያለን።
ወጥ ቤቱ ጋሽ ደመረው «ጨዌን የነካ!» ብለው ማሉ፣
«ለዚህ ሰው የቀረው የደጅ ጣዕም ይሄ አይደል ወይ?» አሉ።

የእግር ጉዞው ነገር ደግሞ ሌላ። ግቢያችን
ዙሪያው ሁለት መቶ አሥር ነው፣ በእርምጃችን፤
ብትዞር ያው ግንብ፣ ያው ሽንት ቤት፣ ያው ሽቦ፣
በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ቀረ፣ ጥላ ስር ተሰብስቦ።
ያኔ ነው ሮብሌ ከሰል ያነሳው፣
በልብስ ማጠቢያው ግንብ መንገድ የሳለው፦
ድሬዳዋ ከታች፣ ሽቅብ ደንገጎ፣ አዴሌ፣ ሐረማያ፣
አወዳይ፣ ሐረር ደግሞ ላይ፣ ከቧንቧው ማሰሪያ።
«ዙር እየቆጠርን እንሂድ» አለ፤ «ማን ይከለክላል?
ጠባቂው ራሱ ማማው ላይ ሆኖ ይቆጥርልናል።»

ሄድን። የድሬ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሳታግል፣
ቃሲም በነጠላ ጫማ፣ እኔ ቦርጬን እንደ በርሜል ሳንከባልል፤
አንዱ «ንፋስ መጣ» ይላል፣ ሌላው «ፍየል ገባች፣ ክላክስ!»፤
ላባችን ሲወርድ እውነትም ዳገት ይመስላል።

በዐሥራ አንደኛው ቀን የከሰሉ ጭረት ደረሰ
ከደንገጎ ኩርባ። ጉልበቴ ከዳኝ፣ ትንፋሼ አነሰ።
እነሱ አያውቁም እንጂ እኔ ኩርባውን አውቀዋለሁ፣
ዘጠኝ ዓመት ሚኒባስ እዚያ መንገድ ላይ ነድቻለሁ።
አወዳይ የቃምኩት ምርቃና ዓይኔን አፍጥጦት ነበር፣
ቁልቁል ስወርድ፣ ትርፍ ሰው ጭኜ፣ ጉም መንገዱን ሲሰውር።
ሦስት ሰው። ስማቸውን ፍርድ ቤት ነው የሰማሁት፤
አንዷ ቲማቲም በፌስታል ይዛ፣ የአምስት ብር መልስ ሰጥቻታለሁ፣
መልኳን ግን አጣሁት።

ከኋላዬ ያለው ገጨኝ፣ ሰልፉ ሁሉ ቆመ፤
ማንም «ምን ሆንክ?» አላለም፤ ዝምታው ረዘመ።
ሮብሌ ከሰሉን አወጣና፣ ደንገጎ አጠገብ
ሦስት ነጥብ አደረገ።
ለካ ያውቁ ኖሯል፤ የእስረኛ መዝገብ በአፍ ነው የሚነበብ።
«ዛሬ እዚህ እናድራለን» አለ። ተቀመጥን።
የሲስተርን ቅጽ የዚያን ቀን ባዶ ተውን።

በማግስቱ ቀስ ብለን፣ ኩርባውን በእግሬ ሄድኩት፣
መሪ የለ፣ ጥሩምባ የለ፤ እርምጃውን ቆጠርኩት።

ቅዳሜ ሲስተር ኢፍቱ ክንዴን አስራ አየች፣
«ግፊትህ ትንሽ ወርዷል፣ ምን አደረግህ?» አለች።
ምን ልበላት? መጽሐፉ ላይ ቦታ የለውም፤
«ያለፉበት ኩርባ ካለ ተመልሰው በእግር ይውጡት» አይልም።
እኔም አልጻፍኩበትም።

አሁን ሐረማያ ነን። ሐይቁ ሞልቷል አሉ።
ቃሲም «ዓሣ እንጥበስ» ባይ ነው፤
ጋሽ ደመረው፣ «ጨው እኔ ጋ አለ» ይላሉ።